የደፈንኳት ቀዳዳ

ጉለሌ፣ ግንቦት 19

ውድ ጋሽ ዋቅቶላ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ሚልካ እንደሆነች አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት «አባዬ ከጉለሌ የሚደወል ስልክ አላነሳም ብሏል፤ ደብዳቤ ከላክህ ግን አነብለታለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ሚልካ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። የሚያስቀይምሽ ቦታ ስትደርሺም እንዳትዘልዪው።

«ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ለመጀመር ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። እንዴት እንደሰነበቱማ አላጣሁትም። ሠላሳ ዓመት የውሃ አባት ሆነው፣ ውሃውን ለየማሳው እያከፋፈሉ የጠበቁትን ቦይ ትተው ሆለታ ልጅዎ ቤት ተቀምጠዋል። የእኔን ምላስ ሰምተው ነው የሄዱት፤ ይህን እርስዎም እኔም ሰፈሩም ያውቃል። ዛሬ የምጽፈው ግን ማንም የማያውቀውን ነው። ከምላሴ በፊት እጄ የሠራው ነገር አለ።

ቀዳዳዋን አልረሳኋትም ጋሼ። ደፈንኳት።

አዲሱ ገበያ ብየዳ ቤቴ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? አምና ጥቅምት ላይ ነው። አዲሱን የቦይ በር ጨርሼ መሬት ላይ አጋድሜው አረንጓዴ ቀለም እቀባ ነበር። ዓይንዎን ሞራ ስለጋረደው በእጅዎ ነበር ያዩት። ዳር ዳሩን ዳሰሱ፣ ጎማው ላይ ሲደርሱ ቆሙና «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ።

«የመኪና ካላማዳሪያ ነው ጋሼ። ከጎሚስታ አምጥቼ ቆርጬ ነው። ከእንግዲህ ጠብታ አያሳልፍም!»

ከዚያ ሁለት ጣትዎን አጣምረው ከበሩ ወገብ ላይ አስቀመጡ። «እዚህ ጋ ይቺን የምታክል ቀዳዳ ተውልኝ።»

«ለምን?»

«ለጆሮዬ።»

እኔ ሳቅሁ፣ እርስዎም ሳቁ። «ወላሂ እተዋለሁ» አልኩዎት። «ጌታ ይባርክህ» ብለው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ወጡ።

ደግሞም ትቼልዎት ነበር። በሩ ወንዙ ላይ በሚተከልበት ቀን ጠዋት ግን የአትክልተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ቤዛብሕ ሊያዩት መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ጣታቸውን በቀዳዳዋ አሳለፉ። «ሙንዲር፣ አዲሱም የሚያፈስ ከሆነ አሮጌው ምን በደለን?» አሉ። አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሰዎች ሳቁ። «የጋሽ ዋቅቶላ ቀዳዳ ናት» ማለት ይበቃኝ ነበር። አፈርኩ። ሃያ ዓመት በያጅ ነኝ፤ የሚያፈስ በር ሠራ ልባል ነው? ብየዳውን ለኩሼ ደፈንኳት፣ በሞላ ፍቄ አስተካከልኳት፣ ቀለም ቀባኋት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከሰዓት በኋላ እርስዎ መጥተው በሩን ሲዳስሱ ከጀርባዎ ቆሜ ነበር። ጣትዎ ቀዳዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ። «ሙንዲር፣ የታለች?» አሉኝ። «ውይ! ረሳኋት ጋሼ» አልኩ። «ግድ የለም» አሉ። ጣትዎ ግን እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ያቺን ጣት ነው ዓመቱን ሙሉ የማያት።

እውነቱን ለመናገር አሮጌው በር መቀየር ነበረበት፤ ይህን እርስዎም አልተቃወሙም። ከባሕር ዛፍ ሳንቃ የሠሩት እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሳንቃው በስብሶ ነበር። ማታ ሲዘጋ ውሃው ከድንጋዩ ግድብ ኋላ ተጠራቅሞ ማደር ሲገባው፣ በየስንጥቁ ሲፈስ አድሮ ጠዋት የሚቀረው ትንሽ ነው። አትክልተኛዋ ታየች መሬቷ ከቦዩ ጫፍ ስለሆነ «እኔ ጋ የሚደርሰው የእንቁራሪት እንባ ነው» ትል ነበር። አዲሱ በር የቆመ ዕለት ግን፣ የጭነት መኪና መሪ የገጠምኩበትን ማንሻ አዙሬ ስዘጋው፣ ከታች ቦዩ ደረቀ። በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው ውሃው ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወረደ። ታየች በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላጣ ለገበያ አወጣች። እናቴ ጀዊሪያ እንኳ፣ እኔን ማመስገን የማይሆንላት ሴትዮ፣ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም። ደስታው ነው ያደነቆረኝ።

አሮጌው በር ላይ ሌላውን ስንጥቅ ሁሉ በጆንያና በጭቃ ሲደፍኑ፣ አንዲቷን የሳንቃ አንጓ ቀዳዳ ግን ነክተዋት አያውቁም። ከእሷ የሚወጣው ውሃ ሥር የዘይት ጣሳ ደፍተው አስቀምጠው ነበር። ውሃው ጣሳው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ከማሳው ሁሉ ይሰማል። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው እንደ ዝንብ ድምፅ ነበር፤ አለ ብሎ የሚያስበው ሰው የለም። ማሳው ደግሞ እንደሚያውቁት ነው፤ ከወንዙ ዝቅ ያለ ጎድጓዳ፣ በሁለት የድንጋይ ካብ መሃል። ጎንበስ ብሎ ጎመን የሚቀነጥብ ሰው ወንዙን አያየውም። መውጫው አንድ ቀጭን መንገድ ነው።

በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ድንገት «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ይሉን ነበር። ቆስጣውን ጥለን እንወጣለን። ጥቂት ቆይቶ ከእንጦጦ በኩል ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ውሃ ይመጣል፣ ማሳውን ያለብሳል፣ ይሄዳል። እርስዎም ሰው ቆጥረው ሲጨርሱ «አሁን ተመለሱ» ይላሉ። ደመና ያለ ቀን ይሆናል፣ ፀሐይ የጠራ ቀንም ይሆናል። ሰፈሩ ምን ብሎ እንዳመነ ያውቃሉ? «ጋሽ ዋቅቶላ ጸሎተኛ ነው፣ ይነገረዋል» ነበር የሚባለው። የእርስዎ ቸርች ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እናቴ መስጊድ ደርሳ ስትመለስ «የዚያ ሰው ዱዓ ተሰሚ ነው» ትል ነበር። እርስዎም «ጌታ ይመስገን» ብለው ያልፉታል። አንድ ሰው እንኳ «በምን አወቅህ?» ብሎ አልጠየቀም። ለተነገረው ሰው ጥያቄ አይቀርብማ!

አዲሱ በር ከገባ በኋላ ጣሳው ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ በቀን አሥር ጊዜ ግድቡ ላይ ወጥተው፣ በዚያ ዓይንዎ ውሃውን ትኩር ብለው ሲያዩ አስታውሳለሁ። አምና ግንቦት አስወጡን፤ ምንም አልመጣም። በሳምንቱ አስወጡን፤ ምንም። ሰው «ጸጋው ተነሳበት» ማለት ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ያስወጡን ቀን ነጋዴዎቹ አትክልቱን ሊጭኑ ቆመው ነበር፣ ጥለውን ሄዱ። ያን ቀን ነው አቶ ቤዛብሕ የጮኹብዎት። እርስዎ ምን እንዳሉ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጆሮዬን ደፈናችሁት። አሁን በዓይኔ ነው የምሠራው፤ ዓይኔ ደግሞ የለም።»

ማንም አልገባውም። እኔ ግን በከፊል ገብቶኝ ነበር፤ የደፈንኩት እኔ ነኛ። ወሬው ወደዚያ እንዳይሄድ ፈራሁ። ስለዚህ በሰው ሁሉ ፊት «ጋሼ፣ የመጣብዎት ውሃ ሳይሆን ዕድሜ ነው» አልኩ። አሥራ አራቱም አትክልተኞች ሳቁ። እርስዎ ድምፄን ተከትለው ፊትዎን ወደ እኔ አዞሩ። በማግስቱ አካፋዎን ማኅበሩ ቤት ደጃፍ አቁመው ሄዱ።

የውሃ አባትነቱን ለእኔ ሰጡኝ። «በሩን የሠራ በሩን ይጠብቅ» ተባለ፤ ተጨበጨበልኝም።

አሁን ወደ ግንቦት 6 ልምጣ። የማንሻውን ጥርስ ግራሶ እየቀባሁ ነበር። እዚህ ፀሐይ ነው፣ እንጦጦ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። በሩ ተዘግቷል፣ ሰው ሁሉ ከታች እየኮተኮተ ነው። ድንገት ሳይ ከበሩ ወገብ ላይ የነበረው ውሃ ወደ እግሩ ወርዷል። እርጥቡ መስመር ብረቱ ላይ ይታያል፣ ከግድቡ ኋላ ያሉት ድንጋዮች ጀርባቸውን አውጥተዋል። «ከላይ አንዱ በፓምፕ እየሳበው ነው» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ግራሶውን ጨረስኩ፣ እጄን ጠረግሁ። ከዚያ ጠጠር ሲገለበጥ የሚሰማውን ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ቡናማ ውሃ ከነጎማው፣ ከነቅርንጫፉ፣ ከግማሽ የእንጨት በር ጋር መጥቶ እስከ በሩ አናት ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ወረደ። ከታች ያሉት ቀና እንኳ አላሉም። ከማንሻው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ። ወንዙ ላይ ከላይ ቆሻሻና ግንድ ሲዘጋው እዚህ ውሃው ይቀንሳል፤ ቀዳዳዋ ጋ አይደርስም፤ ጣሳው ዝም ይላል። የዘጋው ሲበጠስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። የተነገረዎት ነገር አልነበረም። ያዳምጡ ነበር። ከአምናዎቹ ሦስት ጥሪዎች አንዱ ወይም ሁለቱ እውነት እንደነበሩም ዛሬ እጠረጥራለሁ፤ ውሃው እንደ ግንቦት 6ቱ በሩ ላይ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል። ወደ ግድቡ ወጥቶ ወንዙን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ስንስቅ ነበር።

በማግስቱ መሰርሰሪያ ይዤ መጥቼ ቀዳዳዋን ከፈትኳት። ሁለት ጣት፣ እንዳሉኝ። ጣሳም አስቀመጥኩ። አቶ ቤዛብሕ «አንተም ጀመርክ?» አሉኝ። ወደ ላይ ይዣቸው ሄድኩ። የእግረኛ ድልድዩ ሥር፣ ዘንድሮ ከዳገቱ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ግንድ በግንድ ተነባብሮ ተጋድሟል። ፍራሽ አለ፣ የመኪና ጎማ አለ፣ ከመካከሉ ውሃው በቀጭኑ ይፈሳል። እሳቸውም ደነገጡ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ስምንት ሰው ይዘን ብንሞክር አንዱንም ማነቃነቅ አቃተን። «ሰኔ ሳይገባ ማሽን ፈልገን እናስነሳዋለን» አሉ። ግንቦት 19 ሆኗል፣ እዚያው ነው።

ስለ ቀዳዳዋ ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ቀድመው እርስዎ ይስሙት ብዬ ነው። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ። ጣሳው ይሰማኛል። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ከቻሉ ይምጡ፤ ድምፁ ልክ መሆኑን በጆሮዎ ይዩልኝ፣ ቀዳዳዋ አንሳ ወይም በዝታ እንደሆነ ይንገሩኝ። አካፋዎን ዘይት ቀብቼ አስቀምጬዋለሁ። ሆለታ ድረስ መኪና ይዤ መጥቼ ልወስድዎት እችላለሁ፣ እናቴም

ጋሼ፣ ጣሳው ዝም አለ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ። ዛሬ ሰዓቱን አይቻለሁ።

*

ሰባት ከሠላሳ አምስት። መንገዱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አልጮህኩም። ይህንንም ልናዘዝ። ውሃውን አየሁ፤ ወርዷል። እንጦጦን አየሁ፤ ማርያም አናት ላይ ጥቁር ነው፣ እዚህ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጋዴዎቹ መጥተው ዕቃ ዘርግተዋል። የአምናው ሳቅ ትዝ አለኝ፤ የሳቁት በእርስዎ ቢሆንም የሰማሁት በእኔ ሲሳቅ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ! ከዚያ በእርስዎ ቃል ጮህኩ። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ወጡ። እያጉረመረሙ፣ ጭቃቸውን እያራገፉ ወጡ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ታየች ጎመኑን በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ቆመን ጠበቅን። ምንም የለም። አንዲት ወፍ ካቡ ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች። አቶ ቤዛብሕ ሰዓታቸውን አዩና «ሙንዲር፣ ዕድሜ ነው እንዴ የመጣብህ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ታየች መኮትኮቻዋን ረስታ ልትወርድ ስትነሳ መንገዱን በሰውነቴ ዘግቼ ተቀመጥኩ። «ተነስ እንጂ አንተ! ልጅ ሆንክ እንዴ?» አለችኝ። «አልነሳም» አልኳት። «ምን አየህ?» «ምንም አላየሁም፤ ጣሳው ነው» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ እናቴ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «ልጄ ከተቀመጠ እኔም እቀመጣለሁ። ቆስጣው የትም አይሮጥም» አለች። በጆሮዬ ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። ጆሮዬን ወደ ጣሳው አዞርኩ።

ለሚልካ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ክፍል ገብታ እያስተማረች ስለሆነ ስልኳ ዝግ ነው። የእርስዎን አውቃለሁ፣ አያነሱም። ቢሆንም ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ። የግንቦት 6ቱ ውሃ ግራሶ ቀብቼ እጄን እስክጠርግ ነበር የመጣው፤ ሰዓት አላየሁም እንጂ አሥር ደቂቃም የሞላው አይመስለኝም። የዛሬው ዝምታ ሠላሳ ሞላው። ያኛው ትንሽ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ይኼኛው ምን ያህል እያጠራቀመ እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም። ወይም ደግሞ ምንም የለም፤ ቀዳዳዋን ቅጠል ዘግቷት ይሆናል። ሄጄ እንዳላይ መንገዱን መልቀቅ አልችልም።

አቶ ቤዛብሕ «እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ አለኝ» ብለዋል። ሌሎቹም በዚህ ተስማሙ። አንድ ማሳ ሙሉ የደረሰ ሰላጣ ፀሐይ ላይ ተነቅሎ ተቀምጧል፤ አልፈርድባቸውም። አሥር ደቂቃ ቀረ። አሥራ ሦስት ሰው መግፋት አልችልም፤ እናቴ ብትረዳኝም አንችልም።

የደፈንኳትን ቀዳዳ ከፈትኳት፤ ዝምታውንም ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅዎት ቀርቻለሁ። ሠላሳ ዓመት «ውጡ» ሲሉን እየወጣን፣ «ተመለሱ» ሲሉን እየተመለስን ኖርን፤ መቼ መመለስ እንዳለብን ግን በምን እንደሚያውቁ ከመካከላችን አንድ ሰው አልጠየቀም። ጋሼ፣ ጣሳው ዝም ካለ በኋላ ውሃው እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ደቂቃ ነው የምይዛቸው?

ሚልካ፣ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ እልክልሻለሁ፤ ከክፍል እንደወጣሽ ይህን ቦታ ሁለቴ አንብቢለት።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ከመንገዱ አልነሳም።

በሩን የሠራው፣ ቀዳዳዋን የደፈነው፣
ሙንዲር